ብሩስ ሊ ምን ያዘ፣ ምን ጣለ?

እ.ኤ.አ. በ1964 መገባደጃ ላይ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ ሁለት ወጣቶች በር ዘግተው ተጋጠሙ። አንዱ ብሩስ ሊ፣ ሌላው የሰሜን ቻይና ኩንግ ፉ የተማረው ዎንግ ጃክ ማን ነበሩ። ስለ ፍልሚያው ሂደትም ሆነ ስለ ውጤቱ በቦታው የነበሩት ሰዎች ቃላቸው ሳይገጥም ቀርቷል። ሊ እንዳሸነፈ ቢናገርም ደስተኛ አልነበረም። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ አጥሮታል፤ ተጋጣሚው ወደ ኋላ ሲሸሽም የተማረው ስልት እንደልቡ አላላወሰውም።

ያ ስልት ዊንግ ቹን ነው። ሊ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከኢፕ ማን ተምሮታል። ዊንግ ቹን የቅርብ ፍልሚያ ነው፤ የተጋጣሚን ክንድ በክንድ እያፈኑ ቀጥ ያሉ ቡጢዎችን ያከታትላሉ። ሩቅ አጥርቶ ለማያየው ሊ ይህ ቅርበት ተስማምቶት ነበር። ባላጋራ ካፈገፈገ ግን ክፍተቱን የሚዘጋ እግር ያስፈልጋል።

እግሩን ከቦክስ ፈለገው። የመሐመድ አሊን ፊልሞች ደጋግሞ እያየ እንቅስቃሴውን አጠና። ወንድሙ ፒተር ይወዳደርበት ከነበረው ፌንሲንግ ከተባለው የሰይፍ ስፖርት ደግሞ ሁለት ነገር ወሰደ። አንደኛው ጠንካራውን እጅ ከፊት ማስቀደም ነው፤ ለዒላማው የቀረበ እጅ የሚጓዘው መንገድ ያጥራልና። ሁለተኛው፣ ለእሱ ስልት እምብርት የሆነው፣ ጥቃትን በጥቃት ማቋረጥ ነው። ባላጋራ የኋላ እግሩን ገፍቶ፣ ትከሻውን አዙሮ ቡጢ ሊሰነዝር ሲጀምር የሊ የፊት እጅ ቀጥ ብሎ ይገባል። መከላከሉና መምታቱ አንድ እንቅስቃሴ ይሆናሉ።

ይህ ለምን እንደሚሠራ የሰውነታችን ፍጥነት ይነግረናል። ጤናማ ጎልማሳ አንድ ብርሃን አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ፈጣን ቡጢ ከቅርብ ሲሰነዘር ከዚያ ቀድሞ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተፋላሚ ቡጢው እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ትከሻንና ዳሌን አንብቦ ይቀድማል።

አማራጭ ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊልያም ሂክ በ1952 ባሳተሙት ጥናት፣ ሊበሩ የሚችሉት መብራቶችና የሚጫኑት ቁልፎች በበዙ ቁጥር የሰዎች ምላሽ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ልምምድ መዘግየቱን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ለአንድ ጥቃት ከካራቴ፣ ከጁዶና ከቦክስ አሥር መልስ የተማረ ሰልጣኝ በጭንቅ ሰዓት አንዱን ለመምረጥ ጊዜ ያጣል። የግል ስልት የሚወለደው መቀነስ ሲጀመር ነው፤ ሊም ይህን በሚገባ ተረድቶ ነበር።

የሚቀነሰው ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ የሚያዘውና የሚጣለው የሚለየው በልምምድ ነው። በ1979 ጆን ሺያና ሮቢን ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰልጣኞች በእጃቸው የቴኒስ ኳስ ይዘው ትንንሽ እንቅፋቶችን በተለያየ ቅደም ተከተል እንዲጥሉ አደረጉ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ያለፉት በልምምዱ ወቅት ፈጠኑ፤ እያፈራረቁ የተለማመዱት ግን ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ሙከራው የተሠራው በፍልሚያ ላይ ባይሆንም ለጂምናዚየም ይጠቅማል፦ ቡጢን፣ ርግጫንና መጣልን እያቀላቀሉ፣ እጁን ከማይሰጥ ሰው ጋር መሞከር አድካሚ ቢሆንም፣ የትኛው ከገላ ጋር እንደቀረ የሚለየው ያኔ ነው።

ሊ ስልቱን በ1967 ጂት ኩን ዶ ብሎ ሰየመው። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የእሱን ምርጫ እንደ ቋሚ ሕግ እንዳይዙት ሰግቶ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ። በ1973 እሱ ከሞተ በኋላ የቅርብ ተማሪው ዳን ኢኖሳንቶ ከመምህሩ የተቀበለውን ከፊሊፒንስ የዱላና የጩቤ ጥበብ ጋር ማስተማሩን ቀጠለ፤ ከጊዜ በኋላም የብራዚል ጁጂትሱ ተምሮ ጥቁር ቀበቶ ታጠቀ።