የኃይል ማከፋፈያ የክስተት መዝገብ አያያዝ በላቦራቶሪና በክትባት ክፍል

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ነዋሪው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው አካባቢ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ኢንስቲትዩቱ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሰፈሩ መጠሪያ ግን ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት የተወረሰ ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአገሪቱ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረበት የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አሉ። እንዲህ ባሉ ተቋማት ውስጥ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ዕቃ ብዙ ነው፤ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሠራ ዲፕ ፍሪዘር፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያልፍበት ሰርቨር ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራሉ። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ በአገሪቱ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የናሙና ክምችቱ በእጅጉ ጨምሯል፤ ከዜሮ በታች ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ቅዝቃዜ የሚሻ ክትባትም ለሥራው አዲስ ሸክም ሆኖ መጥቷል።

መብራት ሲሄድ ሁሉም ያውቃል። ሌሊት ሄዶ ከንጋት በፊት የተመለሰውን ግን የሚያውቀው፣ ከነቃ ተረኛ ሌላ፣ የመሣሪያ መዝገብ ብቻ ነው። ከእነዚህ መዝገቦች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው፣ ከኔትወርክ ጋር የተያያዘው የኃይል ማከፋፈያ የሚጽፈው የክስተት መዝገብ ነው።

ይህ መሣሪያ በአጭር አጠራሩ ፒዲዩ ይባላል። በአንድ መስመር የገባለትን ኤሌክትሪክ ለብዙ ሶኬቶች ያከፋፍላል፤ የሚያልፈውን መጠን በአምፒር ይለካል፤ የራሱ የኔትወርክ አድራሻ ስላለው ከሌላ ክፍል ሆኖ ማየት፣ እንደ ዓይነቱም እያንዳንዱን ሶኬት ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። በየሱቁ ከሚሸጠው ዲቫይደር ዋነኛ ልዩነቱ ያየውን መጻፉ ነው። የተሠራው በመጀመሪያ ለሰርቨር መደርደሪያ በመሆኑ፣ ከባድ ኮምፕሬሰር ያለው ዕቃ ከመሰካቱ በፊት የመሸከም አቅሙ በባዮሜዲካል ባለሙያ መረጋገጥ አለበት። በሕመምተኛ ላይ የተገጠመ ሕይወት ማቆያ መሣሪያ ደግሞ በርቀት ሊጠፋ በሚችል ሶኬት ላይ ፈጽሞ መሰካት አይገባውም።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዛል። አንደኛው የመለኪያ መዝገብ ሲሆን በተወሰነ ጊዜ ልዩነት፣ ለምሳሌ በየ10 ደቂቃው፣ የጭነቱን መጠን ያሰፍራል። ሁለተኛው የክስተት መዝገብ ነው፤ ይኸውም አንድ ነገር ሲለወጥ ብቻ የሚጻፍ ነው። ጭነት ከተወሰነለት ወሰን ማለፉና ወደ ወሰኑ መመለሱ፣ ሶኬት መብራቱና መጥፋቱ፣ ማን በይለፍ ቃሉ እንደገባ፣ ማን ቅንብሩን እንደቀየረ፣ መሣሪያው መቼ እንደተነሣ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ክስተቶች እንደ ክብደታቸው መረጃ፣ ማስጠንቀቂያና አሳሳቢ ተብለው ይለያያሉ።

የመዝገቡን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጠዋት ክትባት ክፍል የገባ ባለሙያ ማቀዝቀዣው በመልካም ሁኔታ እየሠራ፣ ውስጡ ያለው የ30 ቀን ቴርሞሜትር ግን የማስጠንቀቂያ ምልክት እያሳየ ያገኘዋል እንበል። የዚህ ዓይነቱ ቴርሞሜትር በተለመደው አሠራሩ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ሙቀቱ ሳያቋርጥ ለ10 ሰዓት ከ8 ዲግሪ በላይ ሲቆይ፣ ወይም ለ60 ደቂቃ ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ሙቀቱ ከፍ ማለቱ ከታወቀ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ለምን?» የሚለው ነው። መልሱ ከአራት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ አራቱም የተለያየ እርምጃ ይጠይቃሉ።

በክስተት መዝገቡ ላይ «ኮልድ ስታርት» የሚል መልእክት ካለ፣ ማከፋፈያው ራሱ ኃይል አጥቶ እንደገና ተነሥቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዋናው መስመር ተቋርጦ ጄኔሬተሩ አልተነሣም፣ ወይም ከላይ ያለው ብሬከር ወድቋል። የማቀዝቀዣው ሶኬት ብቻ ጠፍቶ ከአጠገቡ የተጠቃሚ ስም ከተጻፈ የሰው እጅ አለበት። ጭነት ከወሰን ማለፉ ተመዝግቦ ወዲያው ኃይሉ ከተቋረጠ ደግሞ ከአቅም በላይ ዕቃ ተሰክቷል። ምንም የኃይል ክስተት ካልተገኘ ግን መብራት ኃይልን መውቀስ አይገባም፤ ማቀዝቀዣው ራሱ ተበላሽቷል፣ መሰኪያው ላልቷል፣ ወይም በሩ ሳይዘጋ አድሯል። በተግባር ሲታይ ይህ አራተኛው ግኝት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ጥፋቱን በመብራት ላይ አሳብቦ ብልሹውን ማቀዝቀዣ ለሚቀጥለው ክትባት ማቆየት የተለመደ ስሕተት ነውና።

«ኮልድ ስታርት»ን ከ«ዋርም ስታርት» ጋር አለማምታታት ያሻል። ሁለተኛው የመሣሪያው የኔትወርክ ክፍል ብቻ ጠፍቶ መነሣቱን የሚገልጽ ሲሆን ሶኬቶቹ ኃይል አላጡም። ሁለቱን ያልለየ አንባቢ ያልነበረ የመብራት መቋረጥ በሪፖርቱ ሊጽፍ ይችላል።

ሌላው ወሰን ደግሞ ኃይል ያጣ ማከፋፈያ መጻፍ አለመቻሉ ነው። የመቋረጡ መጀመሪያ በክስተት መዝገቡ ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው መመለሱ ነው። የመቋረጡን ርዝመት ለመገመት ከመለኪያ መዝገቡ የመጨረሻውን መስመር ወስዶ «ኮልድ ስታርት» እስከተጻፈበት ሰዓት መቁጠር ይቻላል፤ መለኪያው በየ10 ደቂቃው የሚያዝ ከሆነ የሚኖረው ስሕተት ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ክትባቱን ስለመጠቀም የሚወስነው ግን የኃይል መዝገቡ አይደለም። ውሳኔው በቴርሞሜትሩ ንባብ፣ በብልቃጡ የሙቀት አመልካችና በክትባቱ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ እስከዚያው ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ሌላ ማቀዝቀዣ «እንዳይሰጥ» የሚል ምልክት ተደርጎበት ይቆያል።

በአገራችን መዝገቡን ለማንበብ ከሁሉ የሚከብደው ሰዓቱና ቀኑ ነው። መሣሪያው «12/10/2024፣ 03:40» ብሎ ቢጽፍ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ነው። የተረኛ ነርስ መዝገብ ላይ ግን ይኸው ሌሊት የሚገኘው በጥቅምት 1 ቀን ገጽ ሥር ሊሆን ይችላል፤ የአዳሪ ተራው የተጀመረው በዚያ ምሽት ነውና። በዚያ ላይ ወርን ከቀን የሚያስቀድም መሣሪያ ከሆነ ያው ቁጥር ታኅሣሥ 1 ቀን ሆኖ ይነበባል። ሰዓቱ ለአገራችን ሳይስተካከል ቀርቶ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ከተተወ ደግሞ 00:40 የሚል ይገኛል። አንድ ክስተት በሦስት መዝገብ ሦስት መልክ ሲኖረው፣ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ክርክሩ ይጀመራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መሣሪያው ሰዓቱን ከተቋሙ የሰዓት ሰርቨር እንዲወስድ፣ የሰዓት ቀጠናውም 3 ሰዓት ወደፊት እንዲሆን ማድረግ፣ በወረቀት መዝገቡ ላይም ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ነው። አንዳንድ መሣሪያ ኃይል አጥቶ ሲነሣ ከሰዓት ሰርቨሩ ጋር እስኪገናኝ ድረስ 1970 ወይም 2000 የሚል ዓመት ሊጽፍ እንደሚችልም ማስታወስ ይገባል፤ እንዲህ ያለው መስመር ሐሰት ተብሎ አይጣልም፣ ከቀጣዩ መስመር ጋር ተገናዝቦ ይታረማል።

የመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ውስን ነው። ሲሞላ አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ይተካል። የጭነት ወሰኑ ከተለመደው ጭነት ጋር እጅግ ተቀራርቦ ከተወሰነ፣ ኮምፕሬሰሩ በተነሣ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ባለፈው ሳምንት የተፈጠረው ዋና ክስተትም በዚህ ጩኸት ተገፍቶ ይጠፋል። ስለሆነም ወሰኑ ኮምፕሬሰር ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚስበውን ከፍተኛ መጠን ያገናዘበ መሆን አለበት። መብራት ሲመለስ ፍሪዘሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተነሡ ብሬከሩ መልሶ ይወድቃል፤ በመሆኑም ሶኬቶቹ በየተራ፣ በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት እንዲበሩ ማድረግ ይመረጣል።

የመዝገቡ ቅጂ በየጊዜው ወርዶ ከመሣሪያው ውጭ መቀመጥ ይኖርበታል። ከዚህም የሚሻለው እያንዳንዱ ክስተት እንደተፈጠረ ሲስሎግ በሚባለው ሥርዓት ወደ ሌላ ኮምፒዩተር እንዲላክ ማድረግ ነው። ነገር ግን መልእክቱ የሚያልፍበት የኔትወርክ ስዊች ከተራ ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ መብራት ሲሄድ ስዊቹም አብሮ ይጠፋል፤ መልእክቱም በጣም በሚፈለግበት ሰዓት መድረሻ ያጣል። ስዊቹ፣ መዝገብ ተቀባዩ ኮምፒዩተርና የሚቻል ከሆነ ማከፋፈያው ራሱ ከዩፒኤስ ጋር መያያዝ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ስያሜም የራሱ ድርሻ አለው። «ሶኬት 7 ጠፋ» የሚል መስመር ከስድስት ወር በኋላ ለማንም ትርጉም አይሰጥም፤ «የክትባት ማቀዝቀዣ ሁለት ጠፋ» የሚለው ግን ይሰጣል። ዕቃ በተዛወረ ቁጥር ስሙም አብሮ መዛወር አለበት። በተመሳሳይ ሁኔታ ክፍሉ በሙሉ በአንድ የይለፍ ቃል፣ ያውም ከፋብሪካ በመጣው፣ የሚገባ ከሆነ መዝገቡ «አስተዳዳሪው አጠፋ» ከማለት ሌላ የሚናገረው አይኖረውም፤ ጥርጣሬውም በሁሉም ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ መግቢያ መስጠት ንጹሑንም ይጠብቃል።

መዝገቡን መሰረዝ የሚፈቀድለት ሰው አንድ ብቻ ቢሆን፣ እርሱም ቅጂው መውረዱን ካረጋገጠ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ለሕክምና ላቦራቶሪዎች የወጣው አይኤስኦ 15189 መስፈርት የመሣሪያዎች ታሪክ ተመዝግቦ እንዲያዝ ያዛል፤ ብልሽትና ጥገናም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። የኃይል ክስተት መዝገብ ቅጂ በየፍሪዘሩ የታሪክ ፋይል ውስጥ ከሙቀት ሠንጠረዡ ጋር አብሮ ቢቀመጥ፣ ናሙናው ከዓመታት በኋላ ለምርመራ ሲወጣ የሙቀት ሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ከፍታ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስችላል።