የአሮጌ መኪና ካምሻፍት መለወጥ ይጠቅማልን?

ሰው በእጁ ያለውን ነገር ለማሻሻል መመኘቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ነጋዴ ሱቁን፥ ገበሬ እርሻውን፥ ሹም መሥሪያ ቤቱን ካለበት ደረጃ ከፍ ሊያደርገው ይጥራል። ይህም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ማሻሻያ የተባለው ሁሉ በእውነት የሚያሻሽል መሆን አለመሆኑን ገንዘብ ከመክፈል በፊት መመርመር ይገባል።

አንድ ነጋዴ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰው ፊያት 1100 አለው። ይህ ዓይነት አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1953 በጣሊያን አገር የወጣ ሲሆን፥ ሞተሩ 1,089 ሴንቲሜትር ኩብ፥ ጉልበቱም 36 የፈረስ ጉልበት ነበረ። ወዳጄ በአሥመራና በምጽዋ መካከል ለጉዳዩ ሲመላለስ መኪናው በዳገት ይደክምበታል። ስለዚህ ለፍሬን ሸራና ለጎማ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለእሽቅድምድም የተሠራ ካምሻፍት ሊገዛበት አሰበ። ገንዘቡን ሊልክ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ ሻጩ የላከለትን የጣሊያንኛ ወረቀት እንድተረጉምለት ወደ እኔ ይዞት መጣ።

ወረቀቱ በምስጋና የተሞላ ነበረ። በግርጌው ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር አገኘሁ፤ ይኸውም የዕቃው ጥቅም የሚታወቀው ሞተሩ በደቂቃ ከ3,500 ዙር በላይ ሲዞር ነው የሚል ነው። ተርጓሚ የጻፉለትን ቃል መተርጐም እንጂ ትርጕሙ ለኪስ ምን ማለት እንደ ሆነ መፍረድ ሥራው አይደለም። ስለዚህ ሁለታችን ተያይዘን፥ ዕድሜውን በሞተር ውስጥ ወደ ፈጀ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን።

ሽማግሌውም ነገሩን እንዲህ ሲሉ ገለጡልን። ካምሻፍት፥ በጣሊያንኛ አልቤሮ አ ካሜ የሚባለው፥ ጉጦች ያሉት የብረት ዘንግ ነው። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በጉጦቹም ቫልቮላዎቹን እየገፋ ይከፍታቸዋል። ሞተሩ በደቂቃ 4,400 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቮላ በአንዲት ሴኮንድ ከ36 ጊዜ በላይ ይከፈታል። በዚህ ፍጥነት አየር ወደ ሲሊንደር ለመግባት ጊዜ ያጥረዋል። የእሽቅድምድም ካምሻፍት ቫልቮላውን ከፍ አድርጎ፥ ለረዘመ ጊዜም ከፍቶ ስለሚያቆየው፥ በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር ይገባል፤ ጉልበትም ይጨምራል።

ዳሩ ግን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነገሩ ይገለበጣል። የመግቢያው ቫልቮላ ዘግይቶ ስለሚዘጋ፥ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ የገባውን አየርና ቤንዚን ከፊሉን መልሶ ያስወጣዋል። ኮምፕሬሲዮን፥ ማለት የመጭመቅ ኃይሉ፥ ይደክማል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ ቤንዚንም ያባክናል።

«ልጄ» አሉት ሽማግሌው ወዳጄን፥ «ከነፋሲት ወደ አርባሮባ ስትወጣ በስንተኛ ማርሽ ነው የምትሄደው?»

«በሦስተኛ ነው አቦይ፤ በሰዓት 35 ኪሎሜትር ያህል።»

«እንግዲያስ ሞተርህ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ቢዞር ነው። ይህ ዕቃ ጉልበት የሚሰጥህ አንተ በማትደርስበት ቦታ ነው፤ ጉልበት የሚነሣህ ግን አንተ ባለህበት ቦታ ነው።»

ወዳጄ ዝም አለ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም ነበር። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,325 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፥ የአየሩ ግፊት በምጽዋ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ማናቸውም ተራ ሞተር ከምጽዋ ተነሥቶ አሥመራ እስኪደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ድካሙ የመጣው ከቀጭኑ አየር እንጂ ከካምሻፍቱ ጉድለት አይደለም። በቀጭን አየር የደከመውን ኮምፕሬሲዮን ቫልቮላን በማዘግየት ይበልጥ ማድከም፥ የተራበን ሰው ጾም እንደ ማዘዝ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ያደረገውንም መመልከት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከተራው 1100 ይልቅ ፈጣን የሆነውን፥ ቱሪዝሞ ቬሎቼ የተባለውን ዓይነት ባወጣ ጊዜ፥ ኮምፕሬሲዮኑን ከፍ አድርጎ ካርቡራቶሩንም በሰፊ ለውጦ ነው ጉልበቱን ወደ 50 ያደረሰው። አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን እንደ ነበረ መተው፥ የሱቅን በር አስፍቶ መደርደሪያውን ባዶ እንደ መተው ይቈጠራል።

እንግዲህ ካምሻፍት መለወጥ ከቶ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ዘንጉ አልቆ ጉጦቹ ከተበሉ መለወጥ ግድ ነው፤ በዚያን ጊዜም ከፋብሪካው ልክ ጋር አንድ የሆነውን፥ ቢበዛም ጥቂት ብቻ የሚበልጠውን መምረጥ ይሻላል። ቴስታታው ተስተካክሎ ኮምፕሬሲዮኑ ከፍ ካለ፥ ካርቡራቶሩና ማርሚታው ከተለወጡ፥ የቫልቮላው ሞላዎች ከጠነከሩ፥ መኪናውም በሜዳ መንገድ በከፍተኛ ዙር የሚሮጥ ከሆነ፥ የእሽቅድምድሙ ዕቃ ዋጋውን ይመልሳል። አዲስ ዘንግ ሲገባም ከሥሩ የሚገፉት ገፊዎች አብረው አዲስ መሆን አለባቸው። ብዙዎቹ የዛሬ ዘይቶች ለአሮጌ ሞተር ጉጦች መከላከያ የሚሆነው የዚንክ ቅመም ስለ ቀነሰባቸው፥ በዘይት ምርጫም መጠንቀቅ ያሻል።

ወዳጄ ገንዘቡን አልላከም። ሽማግሌው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሲዮን ቢለኩ፥ ሦስተኛው ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ አንደኛው ቫልቮላ አልገጥም ብሎ ያስተነፍስ ነበረ። እርሱን ሞርደው አስተካከሉት፤ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ ለደጋው አየር እንዲስማማ አጠበቡ፤ የካንዴላውንም ብልጭታ ጥቂት አስቀደሙት። ወጪው ከካምሻፍቱ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበረ። የቀረው ገንዘብ በመጀመሪያ ለታሰበለት ለፍሬን ሸራና ለጎማ ዋለ።

በሚቀጥለው ሳምንት አብሬው ወደ ምጽዋ ወረድሁ። ስንመለስ መኪናው ዳገቱን ሳይፈላ በሦስተኛ ማርሽ ወጣው። ወዳጄን እጅግ ያስደሰተው ግን መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነበረ። ስንወርድ ከአርባሮባ በታች ባለው ጠመዝማዛ መንገድ አንድ የጭነት መኪና በድንገት ከፊታችን ቢቆም፥ አዲሱ ፍሬን ሁለት ክንድ ሲቀረው አቆመን። ወዳጄም መሪውን እንደ ያዘ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «ያ ወረቀት ባይተረጐም ኖሮ» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚያስተዳድሩ ሹማምንትም ሆኑ በገዛ ገንዘባቸው የሚነግዱ ወገኖቻችን፥ ስለ አንድ ማሻሻያ ሲነገራቸው ይህን እንዲጠይቁ እንመክራለን፤ ጥቅሙ የሚገኘው እኛ በምንሠራበት ቦታ ነውን? ያለን ዕቃ በሙሉ ጤንነቱ ነውን? ገንዘቡስ ከየትኛው የሚያስፈልግ ነገር ላይ ተነሥቶ ነው የሚከፈለው? ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ከመሆን የሚያድነው፥ አስቀድሞ መጠየቅ ነውና።