ለጓዳ የሚበቃ የጊታር ማጉያ

በገናም ሆነ ክራር ድምፁን ከገዛ አካሉ ያወጣል፤ ጅማቱ ሲመታ በቆዳ የተለበጠው ገበታ አብሮት ይንቀጠቀጥና ዜማው ረዳት ሳይሻ ከሰሚው ጆሮ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን አካሉ ብዙውን ጊዜ ድፍን እንጨት ስለ ሆነ፣ ብቻውን ሲመቱት ከዝንብ ጥዝጥዝታ እምብዛም አይበልጥም፤ ሀብቱ ሁሉ ያለው ከክሮቹ ሥር በተተከለው፣ እንደ ጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በተጠመጠመበት ማግኔት ዘንድ ነው። የብረት ክሮቹ ከማግኔቱ በላይ በተንቀጠቀጡ ቁጥር በሽቦው ውስጥ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ይህንንም፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቮልት የማይሞላውን ሞገድ፣ ተቀብሎ፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በማዞሪያዎቹ መጥኖ፣ ኃይል ጨምሮ ለስፒከሩ የሚያስረክበው አምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ማጉያው ነው። እንግዲህ ጊታር የገዛ ሰው ማጉያ እስኪያገኝ ድረስ በእጁ ያለው የመሣሪያው እኩሌታ ነው።

ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ «ስንት ዋት ነው?» ይላል፤ ይህም ጥያቄ ለሠርግ ድንኳንና ለአዳራሽ የሚገባ ቢሆንም፣ አልጋና ጠረጴዛ ለሚሻሙበት ክፍል ሲሆን ያሳስታል። የሰው ጆሮ ኃይልን እንደ ነጋዴ በቁጥር ስለማይቀበል፣ የ100 ዋት ማጉያ ከ10 ዋቱ የሚልቀው በጆሮ ሲመዘን እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ 5 ዋትም ቢሆን ጎረቤትን ለማስቀየም ይበቃል። የካሊፎርኒያው ፌንደር ለተማሪዎች ይሆን ዘንድ የሠራው «ቻምፕ» ኃይሉ 5 ዋት ገደማ ሲሆን፣ ጊታር መቺው ኤሪክ ክላፕተን «ላይላ» የተባለውን አልበም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያስቀርጽ በዚሁ በትንሹ ማጉያ ተጠቅሟል።

ከዋቱ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የድምፁ ጠባይ ነው። ቀደምቶቹ ማጉያዎች የሚሠሩት፣ እንደ ጥንቱ ራዲዮ፣ አየር በወጣላቸው የብርጭቆ አምፑሎች ነበር፤ እነዚህም ከዐቅማቸው በላይ በተጫኑ ጊዜ የሞገዱን ጫፍ እየደፈጠጡ፣ ሻካራ ቢሆንም ጆሮ የማይጠላውን ቃና ለጊታሩ ይሰጡታል። መሐንዲሱ ይህን ጉድለት ይለዋል፤ ጊታር መቺው ጌጥ አድርጎ ይዞታል። ለእኛ ጆሮ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር፤ የበገና ደርዳሪም በጅማቱና በብርኩማው መካከል እንዚራ የተባለችውን የቆዳ ቁራጭ የሚያስገባው ለዚሁ ነውና፤ ጅማቱ ቆዳዋን እየነካ ካልነዘረ በዐቢይ ጾም የምንሰማው ያ የሚያጉረመርም ድምፅ አይገኝም። ነገር ግን በገና በለሆሳስ ሲደረደርም ይነዝራል፤ ባለ አምፑሉ ማጉያ ይህን ቃና የሚሰጠው ሲጨነቅ ነው፣ ሲጨነቅ ደግሞ ይጮኻል። የጓዳ ተለማማጅ መከራው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አዲሶቹ ማጉያዎች የአምፑሉን ጠባይ በኮምፒውተር ስሌት እየቀዱ፣ በሹክሹክታ መጠን እንኳ ያንኑ ሻካራ ቃና ለመስጠት ይጥራሉ። የአምፑል ወዳጆች ቅጂ ነው ብለው ይንቁታል፤ እኔ ግን ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ሰው ከዚህ የሚሻል አላየሁም። የሮላንድ «ማይክሮ ኪዩብ» ከዚህ ወገን ነው፤ 5 ኢንች ስፒከር ይዞ በስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ስለሚሠራ፣ መብራት በጠፋበት ምሽትም ልምምዱ አይቋረጥም። እርግጥ ስፒከሩ ባነሰ ቁጥር የወፍራሙ ክር ድምፅ ይሳሳል፤ ቦታ ያለው ሰው ባለ 8 ኢንቹን ቢወስድ አይቆጭም። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሌለውን ግን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። ስልክን በሽቦ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ፣ የሮሃ ባንድን ዘፈን ከፍቶ ከሰላም ስዩም ጊታር ጋር አብሮ መምታት ይቻላል፤ ይህም ከብዙ መምህር ይሻላል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን ማጉያ ሳይመረምር የሚሰካ ሰው ካለ፣ እኔን ይመልከት፤ በዚያ አገር ለ120 ቮልት የተሠራውን ዕቃ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ሰክቼ፣ አንዲት ኖታ ሳልሰማ ጢሱን ብቻ አሽትቻለሁ። በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ የሚፈጀው ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ነበር።

በሱቅ ሲፈትኑ የገዛ ጊታርን ይዞ መሄድ፣ ድምፁንም በሌሊት ቤት ውስጥ በሚደፈርበት መጠን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ትዝታ ከዳር እስከ ዳር መምታት ይገባል። ሻጩ መካከል ላይ እጁን ዘርግቶ ማዞሪያውን ከፍ ሊያደርገው መሞከሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እጁን በትሕትና መልሶ፣ ዜማውን እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው።