አራት ድምፅ በአንድ ትንፋሽ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደጋን በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ባቲ ያደርሳል፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሚጠራው በዚህች ከተማ ስም ነው። ሌላው ቅኝት የተጠራበት አምባሰልም ሩቅ አይደለም፤ ከደሴ በስተሰሜን ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን በቀረጹት አልበም «አምባሰል» የተሰኘ ዜማ አለ። በአልበሙ የሚሰሙት ግን ክራርና ማሲንቆ ሳይሆኑ አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ፒያኖና ያማሃ ዲኤክስ 7 ናቸው።

በሲንተሳይዘር ዓለም ፓራፎኒክ የሚባለውን አሠራር ለመረዳት ከአኮርዲዮኑ መጀመር ይሻላል። ጣት የቻለውን ያህል ቁልፍ ቢጫን እያንዳንዱ የራሱን ቃና ያወጣል፤ ነፋሱ ግን የሚመጣው ከአንድ ወናፍ ነው። ወናፉ ሲበረታ ሁሉም ይደምቃል፣ ሲላላ ሁሉም ይከስማል።

በሲንተሳይዘር የወናፉን ሥራ የሚሠራው ኤንቨሎፕ ነው። ድምፅ እንዴት እንደሚነሳ፣ እንደሚረግብ፣ እንደሚቆይና እንደሚጠፋ ይወስናል። የክራር ድምፅ እንደተመታ ይነሳና ይሟሟል፤ የማሲንቆ ደግሞ ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ይቆያል። ሲንተሳይዘር ሁለቱንም በጥቂት መቆጣጠሪያዎች ያስመስላል።

በ2019 የወጣው ሙግ ማትሪያርክ የተባለው ሲንተሳይዘር ፓራፎኒክ ነው፤ አራት ቃና በአንድ ጊዜ ቢያወጣም ኤንቨሎፑ የጋራ ነው። በግራ እጁ የአምባሰልን መነሻ ድምፅ ይዞ በቀኙ ዜማውን የሚጫወት ሰው ጠባዩን ቶሎ ያውቀዋል። ኤንቨሎፑ በመጀመሪያው ቁልፍ ብቻ እንዲነሳ ከተደረገ የዜማው ድምፆች ሳይመቱ ሾልከው ይገባሉ። የመቆያው መጠን ዜሮ ላይ ከሆነማ ዘግይቶ የተጫነው ቁልፍ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል፤ ጀማሪው መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል! በእያንዳንዱ ቁልፍ እንዲነሳ ሲደረግ ደግሞ ተይዞ የነበረውም ድምፅ አብሮ እንደገና ይመታል። ለእስክስታ ይህ ሸጋ ነው፤ ለዝግተኛ ትዝታ ግን ይረብሻል።

መጋራቱ የመጣው ከወጪ ነው። በ1970ዎቹ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ፊልተርና ኤንቨሎፕ መሥራት ውድ ስለነበር እንደ ሶሊና ያሉ የስትሪንግ ኪቦርዶች በጋራ አሠራር ወጡ። በ1983 የመጣው ዲኤክስ 7 ግን እስከ 16 ለሚደርሱ ድምፆች ለእያንዳንዱ የራሱን ኤንቨሎፕ ሰጠ።

በኃይሉ አልበም ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ አኮርዲዮኑ ሁሉንም አንድ ላይ ያነሳል፣ ዲኤክስ 7 ቁልፍ በቁልፍ። ኃይሉ ለዓመታት ዋሽንግተን አቅራቢያ ታክሲ ሲነዱ ተሳፋሪ እስኪመጣ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። አልበሙ በ2013 ዳግም ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሱ።