የመሪ ማዕዘን ብቻውን የማይናገረው፦ የፍሬም ቅርጽና የግራቭል ብስክሌት አነዳድ

የግራቭል ብስክሌት የሚመርጥ ሰው በአምራቹ የልኬት ሠንጠረዥ ላይ አስቀድሞ የሚመለከተው የመሪውን ቱቦ ማዕዘን ነው። ቱቦው ይበልጥ ከተጋደመ ብስክሌቱ በኮረኮንች መንገድ የተረጋጋ ይሆናል የሚለው ግምት ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ነጂው በእጁ የሚሰማው ማዕዘኑን ሳይሆን ትሬይል የተባለውን ርቀት ነው። የመሪው ዘንግ በሐሳብ ተራዝሞ መሬት የሚነካበት ነጥብ፣ የፊት ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ይቀድማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትሬይል ይባላል። ጎማው ከዘንጉ ኋላ ስለሚጎተት፣ ጠጠር ወደ ጎን ሲገፋው ወደ ቀጥታ አቅጣጫው የመመለስ ዝንባሌ ይኖረዋል።

ትሬይልን የሚወስኑት ሦስት ናቸው፦ ማዕዘኑ፣ የጎማው ሬዲየስ፣ እንዲሁም ኦፍሴት፣ ማለትም የጎማው መሐል ከመሪው ዘንግ ወደ ፊት የሚርቅበት መጠን። ማዕዘኑ 73 ዲግሪ፣ ሬዲየሱ 336 ሚ.ሜ.፣ ኦፍሴቱ 45 ሚ.ሜ. የሆነ የአስፋልት ብስክሌት ትሬይሉ 56 ሚ.ሜ. ያህል ነው። 71 ዲግሪ፣ 351 ሚ.ሜ. እና 50 ሚ.ሜ. የሆነ ግራቭል ደግሞ 68 ሚ.ሜ. ይደርሳል። በዚሁ ግራቭል ላይ አነስ ያለ ቸርኬ ከባለ 47 ሚ.ሜ. ጎማ ጋር ገብቶ ሬዲየሱ 339 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ ፍሬሙ ሳይነካ ትሬይሉ ወደ 64 ይወርዳል። ሠንጠረዡ ግን ያው 71 ዲግሪ ይላል።

ረጅም ትሬይል ዋጋ ያስከፍላል። መሪው ሲዞር የብስክሌቱ ፊት ዝቅ ስለሚል ጎማው በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ ይቃጣዋል። የዚህ መለኪያ፣ ትሬይሉ በማዕዘኑ ሳይንና ኮሳይን ሲባዛ፣ ለአስፋልቱ 16፣ ለግራቭሉ 21 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ሲወረድ የሚያረጋጋው ቅርጽ፣ ዳገት ላይ በዝግታ ሲወጣ መሪውን እያንከራተተ ነጂውን ያደክማል። የፊት ጎማው ከፔዳሉ እንዲርቅ ሲደረግም የነጂው ክብደት በአንጻሩ ወደ ኋላ ስለሚያደላ፣ ልቅ ጠጠር ላይ ሲታጠፍ ፊቱ ሊንሸራተት ይችላል። ለእኔ ከመንከራተቱ ይልቅ አሳሳቢው ይህ ነው፤ መንከራተትን ነጂው ያርመዋል፣ መንሸራተት ግን ጊዜ አይሰጥም።

ለፍሬም ቅርጽ የሚሰጠው የምቾት ምስጋና በአመዛኙ የጎማው ነው፤ ጎማ ከፍሬም እጅግ ይለሰልሳልና።

ትሬይልም ቢሆን የመጨረሻው ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮይማንና ባልደረቦቹ በሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ትሬይሉ በጥቂቱ አሉታዊ የሆነና የጎማዎቹ ጋይሮስኮፓዊ ኃይል የተሻረ ብስክሌት ያለ ነጂ ራሱን ሊያቆም እንደሚችል አሳይተዋል፤ ወሳኙ የክብደቱ አቀማመጥ ነበር። ለረጅም ጉዞ ከመሪው ፊት የሚታሰር ከረጢት ይህንኑ አቀማመጥ ይለውጣል፤ በልኬት ሠንጠረዥ ላይ ግን ቦታ የለውም።