ውሃው ሲሸጥ ዕዳው የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ለንደን ውስጥ ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። እንደ ልማዳችን ከስደት ኑሮ ጀምረን አገር ቤት ገባን። ወሬው ወደ ውሃ የዞረው የወዳጄ እህት ደውላ «ውሃው የመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ በርሜል ስሞላ አደርኩ» ብላው ስለነበር ነው።

«ቴሌን እንኳ በ2024 10 ከመቶውን ለገበያ አውጥተውታል» አለኝ ወዳጄ ተናድዶ። «ውሃውንስ ለምን ሸጠው አይገላገሉም? ነጋዴ ቢይዘው እህቴ እንቅልፏን ትተኛ ነበር!»

ከጎናችን የተቀመጡት ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛውን መቱት። «ውሃ የሕዝብ ነው! እሱንም ለከበርቴ ልትሰጡ ነው?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለታችሁም የምትከራከሩት ክርክሩ 35 ዓመት ሙሉ በተፈተነበት አገር ተቀምጣችሁ ነው» አልኳቸው። የዚያን ቀን ያልጨረስኩትን ነው ዛሬ የምጽፈው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር የሚያስደፍረኝ አንድ ነገር ነው። ከአገር ከመውጣቴ በፊት በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ኬሚስት ነበርኩ። ሥራው ለሚያውቀው ቀላል ነው። ከወንዝ የመጣው ድፍርስ ውሃ አሉም ይገባበታል፤ ጭቃው እየተያያዘ ከብዶ ይዘቅጣል፤ የቀረው በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻ ክሎሪን ይጨመርበታል። የሚያስቸግረው ሂሳቡ ነው። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲደፈርስ የአሉም ፍላጎታችን በእጥፍ ይጨምራል፤ በጀቱ ግን ለአሥራ ሁለት ወር እኩል ተሸንሽኖ የሚመጣ ነው። ሐምሌ ላይ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ አሉሙ ሲደርስ ወንዙ ጠርቷል። ከደንበኛው የሚሰበሰበው ገንዘብ መብራትና ደመወዝ ከሸፈነ ትልቅ ነገር ነበር። ታሪፉን ማሳደግ «ፖለቲካ» ስለሆነ ማንም አይነካውም። ጋሼ የሚሟገቱለት የሕዝብ ውሃ እኔ በማውቀው መልኩ ይህን ይመስል ነበር።

ደግሞም ማጣሪያው ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ትልቁ ገንዘብ ከመሬት በታች የተቀበረው ቧንቧ ነው። ዛሬ ይቀበራል፣ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፣ ገንዘቡ ግን በየወሩ በሳንቲም እየተለቀመ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የውሃ ኢንዱስትሪ ማለት፣ አንባቢዬ ልብ በል፣ የብድር ኢንዱስትሪ ማለት ነው። ማን ይበደራል? በስንት ወለድ? ማን ይከፍላል? የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እንግሊዝ ይህን ጥያቄ እንዴት መለሰችው? እስከ 1989 ድረስ በእንግሊዝና በዌልስ ውሃ የሚያቀርቡትና ፍሳሽ የሚያጣሩት 10 የመንግሥት የክልል ባለሥልጣናት ነበሩ። ገንዘብ ሚኒስቴር የመበደር ገመዳቸውን ስላሳጠረው ቧንቧው እያረጀ ሄደ። በዚያ ላይ የአውሮፓ ማኅበረሰብ የውሃ ጥራት ሕግ መጣና ብዙ ቢሊዮን ፓውንድ ጠየቀ። ወይዘሮ ታቸር ያን ወጪ ከመንግሥት መዝገብ ላይ ማውጣት ፈለጉና አሥሩንም ሸጧቸው። ከሽያጩ 7.6 ቢሊዮን ፓውንድ ተገኘ። ይሁንና ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ዕዳቸው ተሰርዞላቸው፣ 1.5 ቢሊዮን ገደማ ደግሞ መቋቋሚያ ተጨምሮላቸው ነበር የተሸጡት። ሙሽራይቱ ከነጥሎሿ ሄደች ማለት ነው።

ሐቁን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሥራ ተሠርቷል። ገንዘብ ፈሰሰ፣ የመጠጥ ውሃው ጥራት በጣም ተሻሻለ። ወዳጄ ደስ ይበለው። ችግሩ የመጣው በሌላ በር ነው። ዋጋውን የሚወስነው ተቆጣጣሪ ኦፍዋት ይባላል። ኦፍዋት ታሪፉን ሲያሰላ ለድርጅቱ የሚመጥን የዕዳ መጠን በግምት ያስቀምጣል። ባለቤቱ ከዚያ አልፎ በርካሽ ከተበደረ ልዩነቱ ኪሱ ይገባል፤ ወለዱም ግብር ያስቀንሳል። ቧንቧ ከመጠገን ይልቅ መበደር አተረፈ!

የቴምስ ዋተርን ታሪክ ተመልከቱ። ለንደንንና አካባቢዋን ይዞ ወደ 16 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው የሚሠራ ድርጅት ነው። በ2006 ማኳሪ የተባለው የአውስትራሊያ ባንክ የመራው ቡድን ገዛው። ማኳሪ የመጨረሻ ድርሻውን ሸጦ በ2017 ሲወጣ የድርጅቱ ዕዳ ከ10 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖ ነበር፤ ባለድርሻዎች ግን በየዓመቱ ማለት ይቻላል ትርፍ ተከፋፍለዋል። በዚያው በ2017 ድርጅቱ ያልተጣራ ፍሳሽ ቴምስ ወንዝ ውስጥ በመልቀቁ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጣ። በየካቲት 2025 እንዳይወድቅ እስከ 3 ቢሊዮን የሚደርስ የአስቸኳይ ብድር ፍርድ ቤት ፈቀደለት፤ ወለዱ 9.75 ከመቶ ነው። በግንቦት ደግሞ ኦፍዋት 122.7 ሚሊዮን ቀጣው። ከቅጣቱ ውስጥ ያላግባብ ስለተከፋፈለ ትርፍ የተጣለ አለበት። በሐምሌ 2025 ሰር ጆን ከንሊፍ የመሩት ኮሚሽን ኦፍዋት ራሱ ፈርሶ በሌላ ይተካ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ መንግሥትም ተቀበለው። ዋጋውን በፔኒ ሲቆጥር የኖረ ተቆጣጣሪ ዕዳው ሲቆለል ዝም ብሎ አይቷል ነው ነገሩ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ግን ይታገሱኝ። ዌልስ ውስጥ ያለው ድርጅት ከ2001 ጀምሮ ባለአክሲዮን የለውም፤ የተረፈው እዚያው ይውላል። ቢሆንም ስለ ውሃ ብክነቱ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቷል ተብሎ በ2024 40 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲክስ ተደርጓል። የስኮትላንዱ ድርጅት ደግሞ ፈጽሞ አልተሸጠም፣ ከመንግሥቱ ይበደራል፤ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ በመልቀቅ ግን እሱም ይወቀሳል። ባለቤት መቀየር ብቻውን መዝገብ አያስተካክልም።

ወደ አገራችን ልመለስ። የ1999ኙ የውሃ ሀብት ፖሊሲያችን የከተማ ውሃ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ከተጠቃሚው ይመልስ ይላል። በ2002 የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሞ ለከተሞች ማበደር ጀመረ። ስለዚህ «ይሸጥ አይሸጥ» እያልን ስንጯጯህ ከተሞቻችን ቀድሞውኑ ተበዳሪ ሆነዋል። አሉም አዋሽ መልካሳ ይመረታል፤ ክሎሪኑ፣ ፓምፑና መለዋወጫው ግን ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንዲት ትንሽ ከተማ ውሃ አገልግሎት ይህን ልዩነት ከየት ያመጣዋል? ወይ ታሪፍ ይጨምራል፣ ወይ ክሎሪን ይቀንሳል። ታሪፉ ሲጨምር ሰው ይጮኻል። ክሎሪኑ ሲቀንስ ግን ማንም አያይም፤ የሚታወቀው ልጆች ሲታመሙ ነው።

በስደት ያለን ተቃዋሚዎች ያወጣናቸውን ፕሮግራሞች ብዙዎቹን አንብቤያለሁ። ስለ መሬት ገጽ ሙሉ፣ ስለ ባንዲራ ገጽ ሙሉ። ስለ ውሃ ያለው «ንጹህ ውሃ ለሁሉም» የምትል አንዲት መስመር ናት። የከተማው የውሃ ቦርድ ያለ ማን ፈቃድ አይበደርም? ታሪፉን የሚወስነው ከንቲባው ነው ወይስ ከከንቲባው ነጻ የሆነ አካል? የዓመቱ ሂሳብና የውሃው የላቦራቶሪ ውጤት የት ይለጠፋል? እኔ በሠራሁባት ከተማ ውጤቱን የምጽፍበት ደብተር በመሳቢያ ይቆለፍ ነበር፤ ቁልፉም ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነበር።

ወዳጄ በዚያ ሳምንት እንደገና ደወለልኝ። እህቱ በእነሱ ከተማ ታሪፉን ማን እንደሚወስን ቀበሌ ሄዳ ጠይቃ ነበር። ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ ብለዋታል።