የረጅም ጊዜ ዕዳን በዕቅድ ስለ መክፈል

ብድር ለንግድ ሥራ እንደ ዝናብ ነው። በጊዜውና በመጠኑ ሲመጣ የተዘራውን ያሳድጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ማሳውን ጠርጎ ይወስዳል። ከባንክ ተበድሮ ሱቁን ያሰፋ፣ የጭነት መኪና የገዛ፣ ወይም መጋዘን የሠራ ነጋዴ በየከተማው ይገኛል፤ ይህም የሚያስመሰግን ተግባር ነው። ሆኖም ገንዘቡን መበደር የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን መክፈሉ የ5 ወይም የ10 ዓመት ሥራ ነው። በፊርማው ዕለት የነበረው ብርታት እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ በምን ዘዴ ጸንቶ ሊቆይ ይችላል? ይህ ለእያንዳንዱ ባለዕዳ ነጋዴ የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ ቀጥሎ ባለው ሐተታ በዝርዝር ይታያል።

የነገሩ ክብደት ግልጽ ነው። ነጋዴው ለረጅም ጊዜ ብድር በመያዣነት የሚያስመዘግበው ንብረት ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 እንደሚፈቅደው፣ በውሉ ላይ ስምምነት ካለ፣ ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ ለመሸጥ ይችላል። እንዲሁም በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ክፍያው ለ90 ቀን በተከታታይ ከዘገየ ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ጋር ይቆጠራል። የተበዳሪው መረጃም ባንኮች ሁሉ በሚመለከቱት የብድር መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር፣ በአንዱ ባንክ የጠፋ ስም በሌላውም ባንክ በር ላይ ቀድሞ ይደርሳል። እንግዲህ በክፍያ ዕቅዱ ላይ የተንጠለጠሉት ቤትም፣ ስምም፣ የነገው ንግድም ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ፈተና

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ 600,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድሮ፣ በየወሩ እኩል እየከፈለ በ5 ዓመት ሊጨርስ ተዋዋለ እንበል። ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ የወሩ ክፍያ 14,274 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 7,500 ብሩ ለወለድ የሚሄድ ሲሆን ከዋናው ገንዘብ የሚቀነሰው 6,774 ብር ብቻ ነው። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ ሳያጓድል 171,288 ብር ከከፈለ በኋላ መዝገቡን ሲገልጥ ዋናው ዕዳ የቀነሰው ወደ 87,000 ብር ያህል ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፣ ማለት የጊዜው እኩሌታ ሲያልፍም ቢሆን ገና 355,000 ብር ያህል ይቀረዋል።

ብዙ ተበዳሪዎች ተስፋ የሚቆርጡት በዚህ ስፍራ ነው። «ስከፍል ኖሬ ዕዳው አልነቃነቅ አለ» ይላሉ፤ ክፍያውንም ማዘግየት ይጀምራሉ። ነገር ግን የሒሳቡ ጠባይ ይኸው ነው። ዋናው ገንዘብ በቀነሰ ቍጥር የወለዱ ድርሻ ያንሳል፤ በመጨረሻው ወር የሚከፈለው ወለድ ከ200 ብር በታች ነው። ስለዚህ ነጋዴው ውሉን በፈረመበት ቀን የ60ውን ወር የክፍያ ሠንጠረዥ ከባንኩ ተቀብሎ፣ ወለዱና ዋናው በየወሩ ስንት ስንት እንደሚሆኑ አስቀድሞ ቢመለከት ይጠቅመዋል። የመንገዱን ርዝመት አውቆ የተነሣ መንገደኛ ዳገቱ ላይ ሲደርስ አይደናገጥም። የአገራችን ሰው «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ያለውም ለእንዲህ ያለው ትዕግሥት ነው።

ክፍያውን በየቀኑ ስለ መለየት

14,274 ብር በወሩ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ሲፈለግ ከባድ ነው። ይኸው ገንዘብ ለ26 የሥራ ቀን ቢከፈል ግን የቀኑ ድርሻ 549 ብር ይሆናል። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ከዕለቱ ሽያጭ ላይ ይህን ገንዘብ አስቀድሞ ለይቶ ለዕዳ ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ማስገባት ይቻላል። የሽያጩ ገንዘብ ከቤት ወጪ ጋር ተደባልቆ ከሰነበተ ግን በወሩ መጨረሻ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ይህ ዘዴ ለመርካቶ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕቁብ የሚሠራው በዚሁ ነው። ዕቁብተኛው የቀን ወይም የሳምንት መዋጮውን የማያጓድለው ዳኛውና ጸሐፊው ስለሚጠብቁት፣ ባልንጀሮቹም ዕጣቸውን ስለሚጠባበቁ ነው። የባንክ ዕዳ እንዲህ ያለ የቅርብ ጠባቂ የለውም፤ የሚጠብቀው ቀኑ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልኅ ነጋዴ የዕቁቡን ሥርዓት ወደ ዕዳው ያዛውራል፤ ለሒሳብ ሠራተኛው ወይም ለትዳር ጓደኛው በየሳምንቱ የገባውን ገንዘብ እንዲቆጣጠሩለት አደራ ይሰጣል። ከዕቁብ የሚደርሰው ዕጣ ቢኖርም ከመቀበሉ በፊት ስንቱ ለዕዳ እንደሚውል በጽሑፍ ይወስናል። ዕጣ እጅ ከገባ በኋላ ምክንያቱ ብዙ ነውና።

ክረምትና በጋ

ዕቅድ የሚፈርስበት ዋነኛ ምክንያት በጥሩ ወር ገበያ ተለክቶ መሠራቱ ነው። የልብስና የጫማ ነጋዴ በዘመን መለወጫ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ብዙ ይሸጣል፤ በክረምት ግን ገበያው ይቀዘቅዛል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ደግሞ የዓመት ግብር ሒሳብ ይከተላል፤ ወዲያውም የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይደርሳል። እህልና ቡና የሚነግደው በበኩሉ ገንዘቡን የሚያገኘው ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት ያለፉትን ሁለትና ሦስት ዓመታት መዝገብ ገልጦ ከሁሉ የከፋውን ወር መፈለግ አለበት። የወሩ ክፍያ በዚያ ወር ሊከፈል የማይችል ከሆነ፣ ክፍያው በ3 ወር አንድ ጊዜ ወይም ከሽያጩ ወራት ጋር ተስማምቶ እንዲመደብ ባንኩን መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ከፊርማ በፊት ሲቀርብ ምክክር ነው፤ ከፊርማ በኋላ ሲቀርብ ግን ልመና ይሆናል።

ከዚህም ጋር በደጉ ወር የሁለት ወር ክፍያ፣ በምሳሌያችን 28,548 ብር፣ ለክፉ ቀን ለብቻው ማኖር ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ ለሸቀጥ መግዣ አይነካም።

ሌላው ጥንቃቄ ዕዳውን ገቢው በሚገኝበት ገንዘብ ማድረግ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ 57 ብር ያህል የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ አገር ሸቀጥ በዱቤ አምጥቶ የ10,000 ዶላር ዕዳ የነበረበት ነጋዴ 570,000 ብር የነበረው ዕዳው በዓይኑ እያየ ከ1,000,000 ብር አለፈ። ሸቀጡን የሸጠው ግን በብር ነበር።

ችግር ሲመጣ

በሚገባ የታሰበ ዕቅድም ቢሆን አንድ ቀን ይፈተናል። በዚህ ረገድ ከመንግሥታት ታሪክ የሚገኝ አንድ ትምህርት አለ። ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደክማ በወጣች ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1945 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር በ2 በመቶ ወለድ ለመበደር ተዋዋለች፤ የአከፋፈሉም ዕቅድ በ50 ዓመታዊ ክፍያ የተመደበ ነበር። ጊዜው በከፋ ዓመት ክፍያውን ወደ ፊት የምታስተላልፍበት ስምምነት ስለ ነበራት በ1956፣ በ1957፣ በ1964፣ በ1965፣ በ1968 እና በ1976 እ.ኤ.አ. ክፍያውን አዘግይታለች። የመጨረሻው ክፍያ 83.25 ሚሊዮን ዶላር በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ። ውሉ ከተፈረመ 61 ዓመት ሆኖት ነበር። ስድስት ጊዜ ያዘገየው ተበዳሪ ውል አፍራሽ ያልተባለው ያዘገየው በስምምነት ስለ ነበረ ነው።

ለነጋዴውም ሕጉ ይኸው ነው። ክፍያው እንደማይሞላ ያወቀ ሰው ወደ ባንኩ መሄድ ያለበት ቀኑ ከመድረሱ በፊት ነው። ሲሄድም ባዶ እጁን አይሂድ፤ የሽያጭ መዝገቡን፣ ያልተሸጠውን ሸቀጥ ዝርዝር፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበውን ገንዘብ፣ እንዲሁም «ከዚህ ወር ጀምሮ ይህን ያህል እከፍላለሁ» የሚል የተጻፈ ሐሳብ ይያዝ። ባንክ የሰው ቤት በሐራጅ መሸጥን እንደ ትርፍ አይቆጥረውም፤ የሚመርጠው ገንዘቡ ዘግይቶም ቢሆን በሥርዓት እንዲመለስለት ነው። የባንኩን ስልክ አለማንሣትና በሌላ መንገድ መዞር ግን አበዳሪው ክፉውን እንዲያስብ ያደርገዋል። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ችግር ላይ የወደቀ ነጋዴ ከመክሰሩ በፊት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን እንደ ገና የሚያደራጅበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ስለዚህ አስቀድሞ የሕግ ዐዋቂ ማማከር ይጠቅማል።

ከሁሉ የከፋው መንገድ የባንኩን ክፍያ ለመሙላት ከአራጣ አበዳሪ መበደር ነው። አራጣ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ የ5 ዓመት ዕዳን በ5 ወር ቤት የሚያፈርስ ዕዳ ያደርገዋል።

ገበያ ሲቀናም ዕቅዱን መርሳት አይገባም። በምሳሌው ያነሣነው ነጋዴ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ 1,500 ብር ጨምሮ ቢከፍል ዕዳው በ60 ወር ፈንታ በ52 ወር ያልቃል፤ ወደ 37,000 ብር የሚጠጋ ወለድም ይተርፈዋል። ነገር ግን ተጨማሪው ገንዘብ ከዋናው ዕዳ ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ማሳወቅና፣ አስቀድሞ መክፈል ቅጣት እንደሌለው ከውሉ መመልከት ያስፈልጋል።

ስለ ባለዕዳው ጤንነት

ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሰር ዋልተር ስኮት በማተሚያ ቤት ንግድ ሸሪክ ስለ ነበር፣ በ1826 እ.ኤ.አ. የንግዱ ቤት ሲወድቅ ከ100,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸከመ። መክሰሩን ከማሳወጅ ይልቅ ከድርሰቱ የሚገኘውን ገቢ ለአበዳሪዎቹ ባለዐደራዎች አሳልፎ ሰጥቶ ሌት ተቀን ይጽፍ ጀመር። በ1830 እ.ኤ.አ. በደም ምት ከተመታ በኋላም ብዕሩን አላስቀመጠም። በ1832 እ.ኤ.አ. ሲሞት ከዕዳው ብዙው ተከፍሎ ነበር፤ የቀረውም ከሕይወት መድኑና ከመጻሕፍቱ በተገኘው ገንዘብ ከጊዜ በኋላ ተጠናቀቀ። ቃል አክባሪነቱ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ሆኖም አካሉ የከፈለው ዋጋ በዕቅዱ ላይ አልተመዘገበም ነበር።

ስለዚህ ዕዳን ለመክፈል ሲባል እንቅልፍን፣ ሕክምናን፣ የልጆችን ምግብና የእሑድን ዕረፍት መሠረዝ የረጅም መንገድ ስንቅን መጣል ነው። ለቤት የሚያስፈልገው ወጪ በልኩ ተቈርጦ በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ዕዳውን ከቤተሰብ መሸሸግም ጭነቱን ያከብደዋል። ባለቤቱና የደረሱ ልጆቹ የቀረውን ቍጥር ካወቁ፣ የአዲስ ዕቃ ጥያቄም የድግስ ወጪም በራሱ ጊዜ ልክ ያገኛል። ቤቱ የተያዘው የእነርሱም ነውና ማወቁ ይገባቸዋል።

በመጨረሻም ዕዳው የሚያልቀው የመጨረሻው ብር ሲከፈል ሳይሆን ወረቀቱ ሲዘጋ ነው። ነጋዴው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ደረሰኞቹን ሁሉ በተራ ይጠብቅ፤ በየዓመቱም የቀሪ ዕዳ ማረጋገጫ ከባንኩ ተቀብሎ ከራሱ መዝገብ ጋር ያመሳክር። የመጨረሻውን ክፍያ ከፈጸመ በኋላ ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበል፤ በንብረቱ ላይ የተመዘገበው መያዣም በመዝገብ ቤት መሠረዙን በዓይኑ ያረጋግጥ፤ የቤቱንም የባለቤትነት ደብተር ተረክቦ ወደ ቤቱ ይመልስ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚባልበት አገር፣ ይህን ደብተር በእጁ ይዞ ወደ ባንክ የሚመለስ ነጋዴ ለሚቀጥለው ብድር ከዚህ የሚበልጥ ዋስ አያስፈልገውም።